ዳሱ ሲፈርስ፦ ድግስ፣ ውሰትና የተፈጥሮ ሀብት በሠርጋችን ታሪክ

አንድ ኅብረተሰብ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ለዕይታ የሚያቀርብበት ቀን ቢፈለግ ከሠርግ ቀን የሚበልጥ አይገኝም። ጎተራው የያዘው እህል፣ ቀፎው የሰጠው ማር፣ በበረቱ የሰባው ሰንጋ፣ የሸማኔው ጥበብ፣ የሸክላ ሠሪዋ ጋን፣ የአዝማሪው ማሲንቆ፣ የሽማግሌው ምርቃት በአንድ ዳስ ሥር ይሰበሰባሉ። ስለ ሠርግ የጻፉ ሰዎች ዐይናቸውን ያሳረፉት አብዛኛውን ጊዜ በዘፈኑ፣ በጥሎሹ፣ በሚዜውና በሙሽራዪቱ ላይ ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የሚጀምረው እንግዳው ተሸኝቶ ዳሱ ሲፈርስ ነው። በማግስቱ በግቢው ውስጥ ምን ቀረ? የቀረውስ ወዴት ሄደ? ድግሱን ያበሰለው ማገዶ ከየትኛው ጋራ ወረደ? በማንስ ጀርባ?

ዛሬ በከተሞቻችን «አካባቢን የማይጎዳ ሠርግ» የሚል ሐሳብ መሰማት ጀምሯል። ይህን ሐሳብ በተመለከተ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰጣል። አንዳንዶች ከባሕር ማዶ የመጣ ፋሽን ነው በማለት ይንቁታል። ሌሎች ደግሞ የአባቶቻችን ሠርግ ከጥፋት ሁሉ የጸዳ እንደ ነበረና ወደዚያው መመለስ ብቻ እንደሚበቃ ይናገራሉ። ታሪክ ለሁለቱም አይመሰክርም። የጥንቱ ሠርግ ለዛሬው ትምህርት የሚሆን ጥብቅ ሥርዓት ነበረው፤ ይኸው ሠርግ ግን የራሱ ግፍና የራሱ ብክነትም ነበረው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ጋብቻው ትንሽ፣ ድግሱ ትልቅ

በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን የጋብቻ ሥርዓት በመጽሐፉ አስፍሮ አልፏል። እንደ እርሱ ትረካ በአንደኛው ሥርዓት ሙሽሮቹ በግቢ ውስጥ በተዘረጋ አልጋ ላይ ይቀመጣሉ፤ ካህናት እየዘመሩ ይዞሯቸዋል፤ ከሁለቱም ራስ ላይ ጥቂት ጠጉር ይቆረጥና በጠጅ ተነክሮ የአንዱ በሌላው ራስ ላይ ይደረጋል፤ በመጨረሻም ጠበል ይረጫል። አንድ አልጋ፣ ጥቂት ጠጅ፣ ጥቂት ውሃ፤ ሥርዓቱ የሚጠይቀው ቁሳቁስ ከዚህ ብዙም አይዘልም ነበር። አልቫሬዝ በውል ስለሚፈጸም ጋብቻም ጽፏል፤ በዚያ ውል ውስጥ ውሉን የሚያፈርስ ወገን የሚከፍለው መቀጫ አስቀድሞ ይወሰን ነበር።

ከዚያም በኋላ በነበሩት ዘመናት ጋብቻው በቁርባንም ይፈጸም በሰማንያ፣ ጋብቻ የሚያሰኘው ቃሉና ምስክሩ እንጂ የድግሱ ብዛት አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚህች አጭር ሥርዓት ዙሪያ ድግሱ እየሰፋ ሄደ። ለዚህም ምክንያት አለው። ባንክና መድን በሌለበት፣ ገንዘብም እንደ ልብ በማይዘዋወርበት የገጠር ኑሮ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ትርፉን ከሚያስቀምጥባቸው ቦታዎች አንዱ የጎረቤቱና የዘመዱ ሆድ ነበር። ዛሬ ያበላ ነገ ይበላል፤ ዛሬ የረዳ ነገ ይረዳል። ሠርግ እንግዲህ ደስታ ብቻ አልነበረም፤ የብድርና የመልስ መዝገብም ነበር። ድግሱን በዚህ ዐይን ያላየ ሰው «ለምን ይህን ያህል ይባክናል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱን ግን አያገኝም።

የወቅት ጥበብ

በደገኛው ክርስቲያን ገበሬ ዘንድ ሠርግ በማንኛውም ቀን አይደገስም። ዋናው ወራት ጥር ነው፤ ከጥምቀት በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ። ሁለተኛው ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያና በግንቦት ይውላል። ይህን የወሰነው የቤተ ክርስቲያን የጾም ሥርዓት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ሆኖም የጾሙ ሥርዓትና የእርሻው ሥርዓት እዚህ ላይ ተደጋግፈው ይገኛሉ።

ጤፉ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ተወቅቷል። አደይ አበባን የቀሰመችው ንብ ያጠራቀመችው ማር በጥቅምትና በኅዳር ተቆርጧል፤ ለጥር ሠርግ የሚጣለው ጠጅ ከዚሁ ማር ነው። በሬው በቃርሚያው ላይ ውሎ ሥጋ ለብሷል፤ የሚቀጥለው እርሻም ገና ነው። ወንዙ ስለ ጎደለ ሠርገኛው በቅሎውን እየነዳ ይሻገራል። እንጨቱ ደርቋል፤ ደረቅ እንጨት ደግሞ ከእርጥቡ ይልቅ በጥቂቱ ብዙ ያበስላል። ሰማዩም ጥርት ያለ ነውና የዳሱ ጣሪያ ዝናብ መመከት አይጠበቅበትም፤ ጥላ ከሆነ ይበቃል።

የዚህ አቆጣጠር ፍሬ ነገር ለሠርግ የሚበላው የመኸሩ ትርፍ እንጂ የሚዘራው እህል እንዳይሆን ነው። ዝግጅቱም በወራት የሚቆጠር ነበር። ብቅሉ ይበቅላል፣ ጌሾው ይሰጣል፣ በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ሸማው ለሸማኔ ይሰጣል። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት እስከ ዛሬ የሚያስቀው በዚህ ምክንያት ነው። በርበሬ የሚቀነጠሰው ሠርገኛ በደጅ ከቆመ በኋላ እንዳልሆነ ሰሚው ሁሉ ያውቃል። አስቀድሞ ማሰብ፣ አስቀድሞ መቁጠር፣ ከወቅት ጋር መሄድ፦ የዛሬ ሰዎች ዕቅድ የሚሉት ነገር በዚህች አንዲት ተረት ውስጥ ተቀምጧል።

ዳሱ፣ መሶቡና ጋኑ

አሁን ወደ ዳሱ መግባት ይቻላል። ዳስ ማለት ለጥቂት ቀናት የሚቆም ቤት ነው። ምሰሶና ማገሩ ከአካባቢው እንጨት ይቆረጣል፤ በልጥ ይታሰራል፤ ጣሪያው ቅጠል ይለብሳል፤ መሬቱ ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። ሚስማር አያስፈልገውም፤ መሠረትም አይቆፈርለትም። ሲፈርስ ምሰሶው ወደ አጥር ወይም ወደ ሌላ ጎጆ ይሄዳል፤ ማገሩ ማገዶ ይሆናል፤ ቅጠሉንና ቄጤማውን ከብቱ ይበላዋል፤ ከብት የተወውን መሬት ይበላዋል። ከሳምንት በኋላ በቦታው የሚያልፍ ሰው ሠርግ የተደገሰበትን መሬት ከሌላው መለየት ይቸግረዋል።

የመመገቢያው ሥርዓት ከዚህ የተለየ አልነበረም። መሶቡ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ነው፤ ለዓመታት ያገለግላል። በመሶቡ ላይ የሚቀርበው እንጀራ ምግብም ነው፣ ሳሕንም ነው። ወጡ ፈስሶበት ከበላተኛው ጋር ያልቃልና የሚታጠብ ወይም የሚጣል ነገር አይተርፍም። ድፎ ዳቦው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጋገራል፤ ቅጠሉ ከዳቦው ላይ ተገልጦ ለፍየል ይሰጣል። እንግዳው በፈረቃ ገብቶ ለብዙ ሆኖ ከአንድ ገበታ ይበላል። ከገበታው የተረፈውን በደጅ የተሰበሰቡት ድኾችና የቆሎ ተማሪዎች ይወስዱታል።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠና የሚገባው የመጠጡ ሥራ ነው። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ በወይራ ጢስ ይታጠናል። ግራዋው ያጠራል፤ የወይራው ጢስ ጠረን ይሰጣል፣ ከመበላሸትም ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ጌሾው፣ ብቅሉና እንኩሮው በየተራው ይገባሉ። ጠላው ሲጠለል የሚቀረው አተላ ለከብት ይሰጣል። ጠጅ ሲጣል ከማሩ የሚወጣው ሰፈፍ ነጥሮ ሰም ይሆናል፤ ሰሙም ጧፍ ሆኖ በቤተ ክርስቲያን ይበራል። የታረደው ሰንጋ ቆዳ ለመኝታና ለጠፍር፣ ቀንዱ ለዋንጫ ይውላል። በዚህ ዓመት ሠርግ የተበላው በሬ በሚመጣው ዓመት ሠርግ መጠጫ ሆኖ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ የሆነው ገበሬው ስለ አካባቢ ጥበቃ ትምህርት ስለ ተሰጠው አይደለም። ዕቃ ውድ ስለ ነበረ ነው፤ እያንዳንዱ ነገር የሰው እጅ ድካም ስለ ነበረበት ነው። ጥበቡን ያስተማረው ችግር መሆኑ ግን የጥበቡን ዋጋ አይቀንሰውም።

የውሰት ሕግ

አንድ ቤተሰብ ብቻውን ለመላው አገር የሚበቃ ጋን፣ ምጣድና መሶብ ሊኖረው አይችልም። ቢኖረውም ለዘወትር ኑሮው አያስፈልገውም። ስለዚህ የሠርጉ ዕቃ አብዛኛው የውሰት ነበር። ጋኑ ከዚህኛው ቤት፣ ምጣዱ ከዚያኛው፣ መሶቡ ከአክስት፣ ካባው ከባለጸጋ ዘመድ ይመጣል። የሰበረ ይተካል። ትናንት ያላዋሰ ነገ መዋስ ያሳፍረዋል። አንድ ጋን በአንድ መንደር ውስጥ ለሃያ ሠርግ ሲያገለግል፣ ሃያ ጋን የሚሠራበት ጭቃና ሃያ ጋን የሚተኮስበት እንጨት ቀረ ማለት ነው። ውሰት እንግዲህ የድኾች ዘዴ ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ የቁጠባ ሥርዓት ነበር።

ከተማ ሲመጣ ይህ ሥርዓት አልሞተም፤ መልኩን ለወጠ እንጂ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ የተስፋፋው ዕድር በዋናነት ለቀብርና ለኀዘን የቆመ ማኅበር ነው። ነገር ግን ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ሳሕኑ ከኀዘን ቀን በተጨማሪ ለደስታም ቀን መውጣቱ አልቀረም። ዕቃው ተቆጥሮ ይወጣል፤ ተቆጥሮ ይገባል፤ የጎደለውን የወሰደው አባል ይከፍላል። የገጠሩ ውሰት በዘመድ ኀፍረት ላይ ቆሞ ነበር፤ የከተማው ውሰት በመዝገብና በመተዳደሪያ ደንብ ላይ ቆመ። ሐሳቡ ግን ያው ነው፤ ዕቃ ለአንድ ቀን ደስታ ተብሎ አይፈጠርም፤ ለአንድ ቀንም አገልግሎ አይጣልም።

በማን ጀርባ?

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እስከ አሁን የተነገረው እውነት ነው፤ ቢሆንም ብቻውን ከተነገረ ሐሰት ይሆናል። ሠርግ ሁሉ አንድ ዓይነት ሠርግ አልነበረምና። የገባሩ ሠርግና የባለ ጉልቱ ሠርግ በአንድ ቃል ይጠሩ እንጂ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። የባለ ጉልቱ ጠጅ ማር ገባሩ በግብር ያስገባው ማር ነው። ዳሱን የሚሠራው፣ አጥሩን የሚያጥረው፣ እንጨቱን ፈልጦ የሚያመጣው ገባሩ ነው። እህሉን የሚፈጩት ሴቶች ናቸው። በትልልቅ ቤቶች ውስጥ ደግሞ ባርነት በሕግ እስከ ተሻረበት እስከ 1934 ዓ.ም. ድረስ ውሃና እንጨት የሚሸከሙት ባሮች ነበሩ። በእንዲህ ያለው ግቢ የድግስ ማብቂያው የተፈጥሮ ወሰን ሳይሆን የጌታው ክብር ነበር። የሌላ ሰው ጉልበትና የሌላ ሰው ደን የሚያጠፋ ሰው መጠንን አያውቅም።

የገባሩም ሠርግ ቢሆን ከጉዳት ነጻ አልነበረም። የታላላቆቹ ድግስ ለታናናሾቹ መለኪያ ሆነና ብዙ ገበሬ «ሰው ምን ይለኛል» በሚል ፍርሃት ከዐቅሙ በላይ ደገሰ። በአራጣ ተበደረ፤ የጥማድ በሬውን ሸጠ። በሬ የሌለው ገበሬ ደግሞ መሬቱን ለሌላ በእኩል ያሳርሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሙሽራው አባት የገዛ መሬቱ ጭሰኛ ያህል ይሆናል። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የጉልቱ ሥርዓት አከተመ፤ የድግስ ዕዳ ግን በአዋጅ የሚሻር አልሆነም። ይህ ዕዳ የአካባቢም ጉዳይ ነው። የተጨነቀ ገበሬ ዛፉን ያለ ጊዜው ይቆርጣል፤ ለማሳው ማዳበሪያ የሚሆነውን ኩበት ወደ ከተማ ወስዶ ይሸጣል፤ መሬቱን ሳያሳርፍ ያርሳል።

የአገራችን ቴአትር ጋብቻን ከመደብ ጥያቄ ጋር አያይዞ ማሳየት የጀመረው ቀደም ብሎ ነው፤ የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ለዚህ ምስክር ነው። ለሠርጉ እንጨት የተሸከመችው ሴት ግን በመድረካችን ላይ የሚገባትን ያህል ቦታ ገና አላገኘችም።

ባሕር ዛፍና ማገዶ

የሠርግና የደን ግንኙነት ጎልቶ የታየው ከተማ ሲቆረቆር ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተመሠረተች በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለቤትና ለማገዶ እየተቆረጠ ራቀ። የእንጨቱ ችግር ከመክፋቱ የተነሣ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዪቱን ከመፈታት ካዳኗት ነገሮች አንዱ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

በዚህች ከተማ ውስጥ የቤተ መንግሥቱ ግብርና የመኳንንቱ ሠርግ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያበላ ነበር። ሺህ ሰው ማብላት ማለት ብዙ ሺህ እንጀራ መጋገር ነው። እንጀራ ደግሞ ከምግቦቻችን ሁሉ ይልቅ ማገዶ የሚፈጅ ነው፤ በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ሥር ከሚነደው እሳት አብዛኛው ኃይል ምጣዱን ሳያገኘው ወደ አየር ይሄዳል። ባሕር ዛፉ የዳሱንም ምሰሶ፣ የምጣዱንም እሳት ቻለ። ዋጋው ግን በሌላ በኩል ተከፈለ። በሥሩ ሌላ ተክል እምብዛም አያበቅልም፤ የመሬቱን እርጥበት ይሻማል። የባሕር ዛፉን ቅጠልና ጭራሮ ከእንጦጦ ጋራ ለቅመው፣ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ቁልቁል የሚወርዱት ሴቶች ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የመዲናዪቱ ማገዶ አቅራቢዎች ሆነው ኖሩ። ከተማው በዘፈነ ጊዜ እነርሱ ያጎነበሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ማገዶውን ማቅለል እንደሚቻል በኋላ ታይቷል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተዋወቀው፣ ከሲሚንቶና ከአካባቢ ድንጋይ ውጤት የሚሠራው ምርጥ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ከልሎ በመያዙ ከጉልቻው አንጻር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል። የኤሌክትሪክ ምጣድም በከተማ ቤቶች ውስጥ ተለምዷል። እንዲህም ሆኖ በትልቅ ድግስ ቀን ብዙ ቤት ወደ ጓሮው ወጥቶ ጉልቻ ይጎልታል።

የማይመለሰው ዕቃ

በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ አዲስ አበባ ሲደርስ ከባሕር ማዶ ብዙ ዕቃ ገባ። ቆርቆሮና ጣሳ፣ ጠርሙስና ሸራ በሠርግ ቤት ታዩ። በ1915 ዓ.ም. የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካም ጠላና ጠጅ ብቻቸውን በያዙት ድግስ ውስጥ ቦታ አገኘ። ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ፋብሪካ ያመጣው ለውጥ የውሰትን ሕግ አለማፍረሱ ነው። ጠርሙሱ ከነሣጥኑ በመያዣ ይወሰዳል፤ ባዶው ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። ጠርሙሱ የፋብሪካ ጋን ነበር ማለት ይቻላል። የቬሎ ልብስ ከከተማ ሠርግ ጋር ሲላመድም አብዛኛዋ ሙሽራ የለበሰችው ተከራይታ ነው፤ አንድ ቬሎ ብዙ ሙሽራ ድሯል። ከዚህ የምንረዳው አዲስ ነገር ሁሉ ጎጂ፣ አሮጌ ነገር ሁሉ ጠቃሚ እንዳልሆነ ነው። የፕላስቲክ ወንበር እንኳ ከሠርግ ሠርግ እየተከራየ ዓመታት ካገለገለ ከውሰቱ ሥርዓት አልወጣም።

ሥርዓቱን የሰበረው የማይመለስ ዕቃ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ በገበያችን ተስፋፋ፤ ከቀደምቶቹ የአንዱ የንግድ ስም «ሃይላንድ» የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ተለመደ። ከእርሱ ጋር ፌስታሉ፣ አንድ ጊዜ ተበልቶበት የሚጣለው ሳሕንና ማንኪያ፣ ፊኛውና የፕላስቲክ አበባው ተከታትለው በሠርግ አዳራሽ ተደረደሩ። የቡፌ አቀራረብም ከመሶቡ ዙሪያ ያስነሣው እንግዳ ከሚበላው በላይ ቀድቶ ይተዋል፤ በገበታ ዙሪያ ተሰብስቦ ይበላ በነበረ ጊዜ ይህን ለማድረግ ያፍር ነበር። በአንድ ቀን ሠርግ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ጠርሙሶች ግማሽ ውሃ እንደ ያዙ በየጠረጴዛው ላይ ይቀራሉ። ቆራሌው የሚሸጠውን መርጦ ይወስዳል፤ የቀረው ወደ ቦይ፣ ወደ ወንዝና ወደ ቆሻሻ ክምር ይሄዳል።

ክምሩ ደግሞ በባዶ ምድር ላይ አይደለም። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረው ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ በሥሩ ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች ከ110 በላይ የሚሆኑትን ገደለ። ይህን መዓት ሠርግ አመጣው ማለት ተገቢ አይሆንም። ሆኖም ከተማው የጣለው ነገር ሁሉ፣ ከሠርግ አዳራሽ የወጣውም ጭምር፣ መሄጃው ድኾች በሚኖሩበት ሠፈር መሆኑን ከዚያች ቀን በኋላ አላውቅም የሚል ሊኖር አይችልም። ጥንት የጌታው ሠርግ ሸክም በገባሩ ጀርባ ላይ ነበር፤ ዛሬ የአዳራሹ ሠርግ ቆሻሻ በክምሩ ሥር በሚኖረው ሰው ራስ ላይ ነው።

ሕግ ዝም አላለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የፕላስቲክ ከረጢቶችን ከልክሎ ነበር፤ በገበያው ግን ክልከላው ብዙም አልታየም። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ፌስታልን ጨርሶ ወደ መከልከል አምርቷል። የመጀመሪያው ሕግ ዕጣ የሚያስተምረው ባህል ያልተቀበለው አዋጅ ወረቀት ሆኖ እንደሚቀር ነው። ባህሉ ደግሞ ከሚያዝባቸውና ከሚለወጥባቸው ቦታዎች ዋነኛው የሠርግ ቤት ነው፤ ሁሉም ያየዋል፣ ሁሉም ይኮርጀዋል።

ከታሪኩ የሚወጣው ዕቅድ

እንግዲህ ዛሬ ሠርግ የሚያስቡ ሙሽሮችና ቤተሰቦች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ቅጠል የለበሰውን ዳስ መልክ ብቻ ከሆነ ምንም አልወሰዱም። በአዳራሽ ጥግ ለፎቶግራፍ የተሠራ ጎጆና የማንም አፍ ያልነካው ዋንጫ ጌጥ እንጂ ሥርዓት አይደለም። ቄጤማም ቢሆን የሚበቅለው ረግረግ እየጠበበ በሄደበት ጊዜ ያለ መጠን ቢጎዘጎዝ ባህል ሳይሆን ብክነት ይሆናል። የሚወሰደው ሕጉ ነው።

የመጀመሪያው መቁጠር ነው። ጥንት በርበሬው አስቀድሞ እንደ ተቀነጠሰ ሁሉ የእንግዳው ቁጥር አስቀድሞ ይታወቅ፤ የሚጋገረውና የሚታረደው በእርሱ ልክ ይሁን። የሚተርፈውን ማን እንደሚወስደውም ከሠርጉ በፊት ይወሰን። ሁለተኛው መዋስ ነው። የዕድሩ ሳሕንና ብርጭቆ፣ በሣጥን የሚመለሰው ጠርሙስ፣ በጋን የተጠመቀው ጠላ፣ በትልቅ ማጠራቀሚያ ቀርቦ በብርጭቆ የሚቀዳው ውሃ የማይመለሰውን ዕቃ ከግቢው ሊያስወጡት ይችላሉ። ሦስተኛው ማገዶውንና ማገዶ ተሸካሚዋን ማሰብ ነው። ምርጥ ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ደኑን ብቻ ሳይሆን በጢስ ውስጥ ሌሊቱን የምትጋግረውን ሴት ዐይንና ሳንባ ያተርፋል። አራተኛው ከዐቅም በላይ አለመደገስ ነው፤ በዕዳ የተደገሰ ሠርግ ቅጠል ቢለብስም ንጹሕ አይሆንም።

ስለ ችግኝም አንድ ነገር መነገር አለበት። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ የሚካሄደው የአረንጓዴ ዐሻራ ተከላ በተለመደበት በዚህ ጊዜ ሙሽሮች በሠርጋቸው ቀን ዛፍ ሲተክሉ ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ዋናው የሠርግ ወር ጥር፣ የተከላው ወር ሐምሌ ነው። በጥር ፀሐይ ለፎቶግራፍ የተተከለች ችግኝ ውሃ የሚያጠጣት ካልተገኘ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ትደርቃለች። አያቶቻችን ሠርጉን ከወቅቱ ጋር እንዳስማሙ ሁሉ ተከላውም ከወቅቱ ጋር ይስማማ። ሙሽሮቹ ከሠርጋቸው በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያው ክረምት ይትከሉ፤ እስክትጸድቅም ይከተሏት። የሚተክሉትም የሚቀጥለው ሠርግ የሚፈልገውን ቢሆን መልካም ነው፤ ጋኑን የሚያጥነውን ወይራ፣ ጠላውን የሚያጠነክረውን ጌሾ፣ የልጅ ልጃቸው አልጋ የሚሠራበትን ዋንዛ።

የሠርግ ታላቅነት በታረደው በሬና በቆመው አጀብ ብዛት ሲለካ ኖሯል። ከዚህ ታሪክ የሚወጣው መለኪያ ግን ሌላ ነው። የተወሰደው ለባለቤቱ፣ የተረፈው ለአፈሩ፣ የተደከመበት ለደከመው ሰው ተመልሶ እንደ ሆነ ይጠየቅ። ይህን ለማወቅ ደግሞ ዘፈኑ በደመቀበት ሰዓት መገኘት አያስፈልግም፤ ዳሱ በሚፈርስበት ማለዳ መገኘት ይበቃል።